አርባ አንደኛው ሻርፕ

ዝናቡ ድንገት ባይወርድ ኖሮ አስተማሪዋ የልብስ ሰፊውን ደጃፍ ባልረገጠች ነበር። ከትምህርት ቤት ወጥታ፣ አንድ ጥቅል ጨርቅ ታቅፋ መንገዱን ልትሻገር ስትጣደፍ ዶፉ መጣና ከሱቁ ጥላ ሥር አስገባት። ልብስ ሰፊው ከስፌት መኪናው ቀና ሲል መጀመሪያ ያየው ፊቷን ሳይሆን ጥቅሉን ነው። ቢጫ ነበር፤ ራሱ የሰፋው ቢጫ።

ስለዚህ ሰው አንድ ነገር ሳንሸሽግ እንናገር፤ ቀናተኛ ነው። ክፉ አይደለም፤ ሰው ሲታመም ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነው። ግን ይቀናል፤ በተለይ በግድግዳ ጎረቤቱ በጫማ ሠሪው። ጫማ ሠሪው ጣሪያውን በአዲስ ቆርቆሮ ሲያስለብስ፣ የልብስ ሰፊው ጣሪያ በዚያው ሳምንት ማፍሰስ ጀመረ። ጣሪያው ድሮም ያፈስ ነበር፣ እሱ ግን ዘንድሮ ነው ያስተዋለው። ጫማ ሠሪው ትልቋን ልጁን አስተምሮ አስተማሪ ያደረጋት ጊዜማ ልብስ ሰፊው ሄዶ እንኳን ደስ አለህ ብሎ፣ ሳቅ ብሎ፣ ቤቱ ሲገባ ሳምንት ሙሉ ሆዱን አመመው። ይህች ከጥላው ሥር የቆመችው እሷ ናት። ትንሿ እህቷና የልብስ ሰፊው አንድያ ልጅ አራተኛ ክፍል ናቸው፤ አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጣሉ።

የቢጫውም ጨርቅ ነገር እንዲህ ነው። ትምህርት ቤቱ ምሳ የሚያበላው ስማቸው በችግረኞች ዝርዝር የገባ አርባ ልጆችን ብቻ ነበር። ከሌሎቹ እንዲለዩ፣ ምግብ አዳራሹ ሲገቡ ቢጫ ሻርፕ አንገታቸው ላይ ያስራሉ። አርባውንም ሻርፕ ከሁለት ዓመት በፊት የሰፋው ልብስ ሰፊው ሲሆን፣ ቀለሙን የመረጠውም እሱ ነው። ያልተፈቀደለት ሾልኮ እንዳይገባ ከሩቅ የሚታይ ይሁን ብሎ፣ በምርጫው ኮርቶ ነበር። ጫማ ሠሪው ለቆርቆሮው የተበደረው ዕዳ ከብዶት የትንሿን ስም አስመዘገበ። ልብስ ሰፊው ግን፣ ተሰፍቶ ያለቀ ልብስ ገበያውን ሞልቶ ደንበኞቹ አንድ በአንድ ከከዱት በኋላም፣ ልጄን የማበላ እኔ ነኝ ብሎ እምቢ አለ። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ጎህ ሲቀድ ተነስቶ የልጁን ምሳ ዕቃ የሚሞላው እሱ ነው። መጀመሪያ እንቁላልና ድንች ነበር፤ ኋላ ዳቦና ድንች ሆነ፤ በቅርቡ ደግሞ ዳቦ በዳቦ ሆኗል። የጎረቤቱ ልጅ ግን ማታ ማታ፣ በግድግዳው ስንጥቅ በሚሰማ ድምፅ፣ ትኩስ የምስር ሾርባ በላሁ እያለች ታወራለች። ይሄ አንጀቱን ያሳርረዋል።

ባለፈው ቅዳሜ በወላጆች ስብሰባ፣ ዝርዝሩ ይቅርና ልጆች ሁሉ በነፃ ባንድ ጠረጴዛ ይመገቡ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ልብስ ሰፊው የወላጅ ኮሚቴ አባል ነው፤ ብዙ ሰው አፉን ያያል። ተነስቶ ተቃወመ። መቃወሙ ባልከፋ፣ ልጁን ማብላት ያቃተው አባት ለምን ይወልዳል የሚል ቃል አመለጠውና ሁሉም ወደ ጫማ ሠሪው ዞሮ አየ። ውሳኔው ለመጪው ቅዳሜ ተላለፈ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለቱ ጎረቤታሞች ሰላምታቸው በአገጭ ሆነ።

አስተማሪዋም ጨዋ ናትና ጎንበስ ብላ ሰላምታ ሰጠች። እሱም ግቢ አላት፤ ወንበር ጠርጎ ሰጣት። ጨርቁን ወዴት እንደምትወስድ ሲጠይቃት ግን ዓይኗን ወደ ዝናቡ መለሰች። ማዶ ላለው ሰፊ፣ ለጥገና፣ አለች።

«የኔ እጅ የሠራውን እሱ ሊጠግነው?»

«በስብሰባው ተቀይመዋል ብዬ ነው፣ ጋሼ።»

«ቅያሜ ሌላ፣ ሥራ ሌላ። የዚያ ሰውዬ መርፌ የኔን ስፌት አይነካትም። አምጪው።»

ጥቅሉን ከእጇ ተቀብሎ ገበታው ላይ ዘረገፈው፤ የመጀመሪያውንም አንስቶ ወደ ብርሃን ያዘው። ጫፉ ተበልቷል። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንደዚሁ። አይጥ ገብቶባችኋል እንዴ ብሎ ጠየቃት።

«አይጥ አይደለም። ልጆቹ ናቸው። ምግብ እስኪመጣ ጫፉን ያኝኩታል። በልተው ሲወጡ ደግሞ ጨምቀው ጫማቸው ውስጥ የሚወሽቁት አሉ፤ ሰው እንዳያየው።»

እሱም የክሩን ጥራት ሊያወራ ያዘጋጀውን ነገር ዋጠና ወደ ጀመረው ሥራ ተመልሶ የስፌት መኪናውን መርገጥ ጀመረ።  ነገር ግን ነገር ያለው ሰው ዝም ብሎ መስፋት አይችልም፤ ቅዳሜ ያልጨረሰውን አነሳባት።

«እሺ፣ የድሃው ልጅ ይብላ። እህል ነጋዴው ልጁን በመኪና እያመጣ፣ የሱ ልጅ በነፃ የሚበላው በምን ዕዳችን ነው? አስተማሪ ነሽ፣ ንገሪኝ።»

«የነጋዴው ልጅ የራሱን ጥቁር ሰሌዳ ተሸክሞ ይምጣ ብለን እናውቃለን? ወንበሩንስ? እኔስ ትምህርቴን ለችግረኛ ብቻ ነው የምሰጠው? በትምህርት ቤት ያለው ሁሉ የሁሉም ነው። ምሳው ብቻ ለምን የተለየ ሆነ?»

«ሰሌዳ አይበላማ። ድስት ያልቃል። የዛሬው ሾርባ ነገ ውሃ ቢሆንስ?»

«እሱንስ ልንገርዎት። ዛሬ ሾርባው ውስጥ ጠጠር ሲገኝ ማን ይናገራል? አባቴ? ልጄን ከዝርዝሩ ያወጡብኛል ብሎ ይፈራል። የነጋዴው ልጅ ከዚያው ድስት የበላ ቀን ግን፣ ነጋዴው ራሱ መጥቶ ምስሩን ይለቅማል። ድስቱ የሁሉም ሲሆን ጠባቂውም ሁሉም ነው።»

ልብስ ሰፊው ነጋዴውን ተጎንብሶ ምስር ሲለቅም በዓይነ ሕሊናው አየውና ሳቁ መጣ፤ ግን ለጫማ ሠሪ ልጅ መሳቅ ስላልፈለገ ሳል አስመሰለው።

እሷም ይህን ጊዜ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ስለ ዝርዝሩ ነገረችው። በዝርዝሩ አርባ ልጆች አሉ። በእሷ ክፍል ብቻ ግን ረፋድ ላይ ሆዳቸው የሚጮህ፣ ስማቸው ያልገባ አምስት አሉ። አባቶቻቸው ኩሩ ናቸው፤ ችግረኛ ተብሎ መጻፍ ሞት ነው የሚመስላቸው። ልጆቹ ከቀትር በኋላ የሚጻፈውን አያዩም፣ እንቅልፍ ይጥላቸዋል። ሁሉም ከበላ ግን የሚመዘገብ የለም፣ የሚመዘገብ ከሌለ የሚያፍር የለም፤ የአባትም ኩራት ሳይነካ የልጅ ሆድ ይሞላል። እዚህ ላይ መርፌው የልብስ ሰፊውን ጣት ወጋው። ጣቱን መጠጠና ከክርክሩ በሌላ በር ሊወጣ ሞከረ።

«እናንተ የተማራችሁት አንድ ነገር አይገባችሁም። እናትየዋ ካረፈች ወዲህ፣ ለዚያች ልጅ እንደ እናት የማደርግላት ነገር ቢኖር ያቺን ምሳ ዕቃ መሙላት ነው። በጠዋት ተነስቼ ዳቦውን ስቆርጥላት ደስ ይለኛል። እሱንም ልትወስዱብኝ ነው?»

ለካ ነገሩ ይሄ ኖሯል። ሰውየው የሚቀናው በጫማ ሠሪው ብቻ አይደለም፤ በእሱ ፋንታ ልጁን ሊያበላ በተዘጋጀው የትምህርት ቤቱ ጠረጴዛም ይቀና ነበር። አስተማሪዋ የረጠበ ፀጉሯን በእጇ ጨመቅ ጨመቅ አደረገች።

«ቁርሱ አለ፣ እራቱ አለ፤ እነሱን ማንም አይወስድብዎትም» አለች። «ግን እኛ ቤት ትንሿ ምን እንደምትል ያውቃሉ? የጓደኛዬ አባት በገዛ እጁ ምሳ ይቋጥርላታል፣ የኔ አባት ስሜን አስመዘገበ፣ ትላለች። ያቺን የእርስዎን ቆርቆሮ ምሳ ዕቃ ስታይ ዓይኗ ይቀላል። አባቴም ይህን ሲሰማ መዶሻውን አስቀመጠ።»

ልብስ ሰፊው መኪናውን አቆመ። ጫማ ሠሪው ቤት፣ አዲሱ ቆርቆሮ ሥር፣ በእሱ ይቀኑበታል! መጀመሪያ የተሰማው ደስታ ነው፤ መዋሸት አይገባም፣ ደረቱ ነፋ አለ። ቀጥሎ ግን ያቺ ትንሽ ልጅ የሻርፑን ጫፍ እያኘከች ታየችው፤ ያንን ጫፍ የቀመቀመውም እሱ ነው። 

የተበሉትን ጫፎች ለመጣፍ ከሁለት ዓመት በፊት የተረፈውን ቢጫ ቁራጭ ከቅርጫቱ ፈለገ። ሰፊ ቁራጭ እንደነበር ያስታውሳል፤ ያገኘው ግን የመዳፍ ያህል ነው። ማን ነካብኝ እያለ ሻርፖቹን ለመጠገን አሥር አሥር አድርጎ ደረደራቸው። አራት ክምር ሆነና አንድ ተረፈ። ደግሞ ቆጠረ። አሁንም አንድ ተረፈ። እሱ የሰፋው አርባ ነው።

የተረፈውን አነሳ። በመኪና ሳይሆን በእጅ ነው የተሰፋው። ስፌቱ አንዴ ይቀጥናል፣ አንዴ ይወፍራል፤ ጠርዙም ጠመም ብሏል። መርፌው ግን ሁለት እየሄደ አንድ ይመለሳል፤ ክሩም ማብቂያው ላይ ሦስት ጊዜ ተቋጥሯል። ይህን ሦስት ቋጠሮ በዚህ ሰፈር የሚቋጥር እሱ ብቻ ነው። ያስተማረውም አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ክረምት ላይ ከጉልበቱ ሥር አስቀምጦ ያስተማራት ልጁን።

ሻርፑን ቶሎ አጥፎ ኪሱ ከተተው። አስተማሪዋ አየችው ወይም አላየችውም፣ አልታወቀም። ዝናቡ ሲያባራ አመስግና ተነሳች፤ እሱም ነገ ይደርሳሉ፣ ዋጋም አልቀበልም አላት። ዋጋ አለመቀበሉ ግራ አጋብቷት ሄደች።

ልጁ ከጎረቤት የቤት ሥራዋን ጨርሳ ስትመጣ፣ ሻርፑን ገበታው ላይ ዘርግቶ ጠበቃት። ልቆጣ ብሎ ነበር፤ ፊቷ ሲገረጣ ግን ቁጣው ከየት ይምጣለት። አጠገቡ አስቀምጦ፣ ዳቦዬ መረረሽ ወይ ብሎ ጠየቃት።

«አልመረረኝም፣ አባዬ።»

«ታዲያ?»

«ምሳ ዕቃ ያመጣን ክፍል ውስጥ ነው የምንበላው። ሁሉም ያመጣውን እንዳያዩበት ክዳኑን ከፊቱ እንደ ግድግዳ ያቆማል። ማንም አያወራም። እነሱ ግን ጠረጴዛ ከበው ይስቃሉ። በመስኮት ይሰማል። ስለዚህ ይቺን ሰፍቼ፣ አስሬ እገባለሁ፤ ዛሬ ለጥገና ሲሰበስቡ የኔንም ወሰዷት።»

«ዳቦውንስ ምን ታደርጊዋለሽ?»

«ወደ ቤት ስንመጣ መንገድ ላይ ከጎረቤታችን ልጅ ጋር እካፈለዋለሁ። እሷ በጣም ነው የምትወደው።»

ልብስ ሰፊው እንባውን በእጅጌው ጠረገ። እሱ በጫማ ሠሪው ልጅ ሾርባ ሲቀና፣ የጫማ ሠሪው ልጅ በእሱ ዳቦ ስትቀና፣ የገዛ ልጁ ደግሞ በድህነት ምልክት ቀንታ በእጇ ሰፍታ አንገቷ ላይ አስራለች። ሾልኮ እንዳይገባ ብሎ ቀለም የመረጠበት ሌባ የራሱ ልጅ ሆና ተገኘች።

ቅዳሜ ስብሰባው ሲጀመር ቀድሞ እጁን ያነሳ እሱ ነው። መጀመሪያ ባለፈው ሳምንት ስላመለጠው ቃል ጫማ ሠሪውን በሰው ፊት ይቅርታ ጠየቀ። ከዚያም ሻርፑን ከኪሱ አወጣ።

«አርባ ሰፋሁ፤ አርባ አንድ ሆኖ ተመለሰልኝ» አለ። «ይቺን የሰፋቻት ልጅ አባቷ በየጠዋቱ ምሳ ይቋጥርላታል። የራባት ምግብ አይደለም፤ ከጓደኞቿ ጋር መቀመጥ ነው። እኛ ጠረጴዛውን ለሁለት ከፍለን ልጆቻችንን ቅናት አስተማርናቸው። እኔ ቅናትን በደንብ አውቀዋለሁ፤ ለልጅ የሚሰጥ ስንቅ አይደለም።»

ቀጥሎም ከአስተማሪዋ የሰማውን ሁሉ፣ ራሱ ያሰበው አስመስሎ፣ ስለ ሰሌዳውም ስለ ጠጠሩም ስለ ኩሩ አባቶችም ተናገረ። አስተማሪዋ ፈገግ አለች። እህል ነጋዴው ሾርባውን ከሰኞ ጀምሮ ልቀምሰው ነው ብሎ ሰው አሳቀ። ጫማ ሠሪው ሻርፑን ከጎረቤቱ እጅ ወስዶ ሦስቱን ቋጠሮ በአውራ ጣቱ ዳሰሰ፤ ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀውን ቋጠሮ አወቀው። አጥፎ መለሰለትና ለመደገፍ እጁን ከሁሉ በላይ ከፍ አደረገ። ሐሳቡ በብዙ ድምፅ አለፈ።

ከዚያ ወዲህ ልጆቹ ሁሉ ባንድ ጠረጴዛ ይበላሉ። እነዚያ አምስቱ ከቀትር በኋላ እንቅልፍ አይጥላቸውም፤ ዝርዝሩን የምትይዘው ጸሐፊ ጊዜዋን ለመጻሕፍት ቤቱ አውላዋለች፤ ነጋዴው ሁለት ጊዜ ጠጠር አግኝቶ ሁለት ጊዜ ጮኋል፣ ምስሩም ጠርቷል። ልብስ ሰፊውም ከአርባው ሻርፕ ለምግብ አብሳይዋ ሽርጥና የሳህን ማድረቂያ ሠራ። አርባ አንደኛዋን ግን መቀስ አላስነካትም፤ ከስፌት መኪናው በላይ ሰቅሏታል።

ቀናተኛነቱንስ ተወው? እንዴት ተደርጎ። ትናንት ማታ ልጁ ያቀረበላትን እራት ቀምሳ፣ የትምህርት ቤቱ ሾርባ ይሻላል ብትለው ፊቱ ጠቆረ። ዛሬ ጠዋት ስፌቱን ትቶ፣ ምግብ አብሳይዋ ምስሩ ውስጥ ምን እንደምትጨምር ሊጠይቃት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ ነበር፤ ጫማ ሠሪውም አብሮት ቆሟል።