የሰባቱ ጀግኖች ሠዓሊ፣ የወይዘሮ የትናየት ኃይለ ማርያም ዜና ሕይወት

ወይዘሮ የትናየት ከአባታቸው ከቤተ ክርስቲያን ሠዓሊው ከመሪጌታ ኃይለ ማርያም አዳምና ከእናታቸው ከወይዘሮ ብርቄ ደሳለ በ1973 ዓ.ም. በገነተ ማርያም ተወልደው፣ በሰማንያ ቀናቸው ተጠምቀው፣ እናታቸው በልጅነታቸው ስላረፉባቸው በአባታቸው እጅ አደጉ። ፊደል ሳይቆጥሩ ቀለም መበጥበጥ የለመዱ ሲሆን፣ ጻድቅ ፊቱን ወደ ሰው መልሶ በሁለት ዓይን፣ ክፉ ግን በጎን ዞሮ በአንድ ዓይን እንደሚሣል የተማሩት ያኔ ነው። አቤት ያ ጊዜ! አባትና ልጅ አንዲት ብሩሽ እየተቀባበሉ ሲሥሉ ዛሬም በእኔ በአጎታቸው ዓይን ላይ አለ።

ትምህርታቸውን ላሊበላ እንደጨረሱ በሆቴሎች ግድግዳ ላይ እየሣሉ ሲኖሩ ከአቶ አዝመራው ሙሉሃብት ጋር ጋብቻ መሥርተው ሰብሌንና ሙሉዬን ወለዱ። ሰብሌ ጀግና ሁሉ ወንድ ብቻ ነው ወይ ብላ በጠየቀቻቸው ጊዜ፣ ከላስታ ተራራ፣ ከሳህል በረሃና ከኮንጎ ደን የተሰባሰቡ፣ በመዳፋቸው ዓለት የሚፈለፍሉ፣ በጋሻቸው በረዶ የሚመልሱ የሰባት አፍሪካውያን ሴት ጀግኖችን የሥዕል መጽሔት ጀመሩ። ለመሪያቸውም የእናታቸውን የወይዘሮ ብርቄን መልክ ሰጧት።

መሪጌታ ግን የቅዱሳን ብሩሽ ለጨዋታ ዋለ ብለው የመጀመሪያዎቹን ገጾች እሳት ውስጥ ጨመሯቸው። ወይዘሮ የትናየትም ደማቸው ፈልቶ የጀግኖቹን ጠላት፣ የድርቅን ንጉሥ፣ ወደ ግራ ያዘነበለ ጥምጣም አስጠምጥመው፣ በጎን አዙረው፣ በአንድ ዓይን ሣሉት። ያ ጥምጣም የማን እንደሆነ ለላስታ ሰው ማን ይነግረዋል? መጽሔቱ ደሴ ታትሞ እስከ ጋሸና ሲዳረስ ስንቶቻችን ሆዳችንን ይዘን ሳቅን! አንገታችሁን የደፋችሁ ሁሉ፣ እኔ አጎታቸው ሰይፈ ሥላሴም ከእናንተው ጋር ነኝ። አባት በራቸውን ዘጉ፤ የታተመ ነገር አይመለስምና ልጅም ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በጸጸት ሲንገበገቡ ኖሩ።

የኩላሊት ሕመም አልጋ ላይ ባዋላቸው ጊዜ የመጨረሻውን መጽሔት ይሥሉ ነበር። መጽሔቱን የሚከታተሉ ተማሪዎች የድርቁ ንጉሥ እንዴት እንደሚሞት ለማየት ሲቸኩሉ፣ እርሳቸው ፊቱን ወደ እኛ መልሰው አንዱን ዓይን እንደሣሉ እጃቸው ዛለ። አቶ አዝመራውም ገጹን ይዘው ገነተ ማርያም ወረዱ። መሪጌታ ሥዕሉን አይተው፣ ቀለማቸውን በጥብጠው በእግራቸው መጡ፤ ከልጃቸው አልጋ አጠገብ ተቀምጠውም እንደ ድሮው ብሩሽ እየተቀባበሉ ሁለተኛውን ዓይን አብረው ሣሉ።

ወይዘሮ የትናየት ከዚያ በሦስተኛው ቀን፣ በጥር ወር 2017 ዓ.ም.፣ በአርባ አራት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ከኋላቸው ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴት ልጆቻቸውን፣ ሰባቱን ጀግኖችና እነሆ ጥምጣማቸው ዛሬም ወደ ግራ ያዘነበለውን አባታቸውን ትተዋል። ልዑል እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በሁለት ዓይን ከሚሣሉት ጋር ያኑርልን፤ አሜን።