መምህር እንግዳው ያልጨረሱት የጓንግ ማዶ ሥዕል

ወገኖቻችን፣ ፀሐዩ ሳይበረታባችሁ የመምህር እንግዳው ማተቤን የሕይወት ጉዞ ባጭሩ እናሰማችኋለን።

መምህር እንግዳው ከአባታቸው ከአቶ ማተቤ አንዱአምላክና ከእናታቸው ከወይዘሮ ድንቅነሽ ውባንተ በ1956 ዓ.ም. ሳንጃ ተወለዱ። በዚያው ተምረው፣ ጎንደር በመምህርነት ሠልጥነው፣ መተማ፣ ሸሕዲ ከተማ ተመድበው ሥነ ሥዕል ሲያስተምሩ ኖሩ። ከወይዘሮ ለተሥላሴ ጋር ተጋብተውም እንዳልካቸውንና ብሌንን ወለዱ።

የሚሥሉት ቆላውን ነበር፤ ቀለሙን በብሩሽ ዝቀው ሸራው ላይ ይለጥፉታል እንጂ ቀብተው አያልፉም፣ ጥቁሩ ዋልካ መሬት እንደ ታረሰ ትልም ይጎደጉዳል፣ የብሩሹም ጭረት ከሩቅ ይታያል። ምነው ቢያለሰልሱት እያልን ስንቀልድባቸው፣ መተማን ለስላሳ ያደረገላችሁ ማነው እያሉ ይስቁብን ነበር።

ሳቃቸው የጠፋው በ2014 ዓ.ም. ትራክተር ነጂው እንዳልካቸው ለሰሊጥ አጨዳ ሰው ሊያደርስ ከጓንግ ወንዝ ማዶ ሄዶ ሲቀር ነው። ትራክተሩ ከሰሊጡ ክምር፣ እኛ ሂላ ከምንለው አጠገብ ቆሞ ተገኘ፤ ልጁ ግን የት እንደ ገባ የሚያውቅ ጠፋ። ፍለጋው ሁሉ ባዶ ሲሆን እናቱ ቁርጤን አውቄ ላልቅስ፣ ልብሱን ዘርግታችሁ ልቅሶ አስቀምጡኝ ብለው ለመኑ። መምህር አሻፈረኝ አሉ። ሽማግሌ ሲበዛባቸው ጊዜ፣ ያን ማሳ ሥዬ ስጨርስ ልቅሶውን እንቀመጣለን ብለው ቃል ገቡ።

ወይ ጉድ! እኛ የዋሆቹ የወር ሥራ መስሎን ነበር። ማታ ያለቀ የመሰለውን ጠዋት ይደርቡበታል፤ በሂላው ላይ ሂላ፣ በዋልካው ላይ ዋልካ፤ ከጎንደር የሚመጣው ቀለም ሲታጣም የብረት በር ቀለም እየገዙ ደረቡ። ሸራው ከክብደቱ የተነሣ ከግድግዳው ወደቀ፤ መሬት አስተኝተው ቀጠሉ። እናቲቱ ደጅ ተቀምጠው የብሩሹን ድምፅ ሲያዳምጡ አንጀት ይበሉ ነበር፤ ጥቁር እንዳይለብሱ ተከልክለው፣ ነጭ መልበስም አቅቷቸው።

በመጨረሻም የመምህር ኩላሊት ታሞ ለከፍተኛ ሕክምና ወደ ጎንደር ቢጻፍላቸው መንገዱ ተዘጋ። እጃቸው ብሩሽ መያዝ ሲያቅተው በጣታቸው ይለጥፉ ነበር። ትናንት ጥር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. አረፉ፤ ሲገነዙም ጥፍራቸው ውስጥ የገባው ቀለም አልለቅ አለ።

ይህን ስንጽፍ፣ አሁን የሚከለክል የለምና፣ የእንዳልካቸውን ስም ከሙታን ጋር እንጥራው ወይ ብለን ወይዘሮ ለተሥላሴን ጠየቅናቸው። ጓዳ ገብተው ሥዕሉን ዳሰስ አድርገው ተመለሱ። ቀለሙ ገና እርጥብ ነው አሉን።

መምህር እንግዳው ባለቤታቸውን ወይዘሮ ለተሥላሴን፣ ልጆቻቸውን ብሌንንና እንዳልካቸውን ትተው ሄደዋል። እግዚአብሔር የመምህርን ነፍስ ከአብርሃም አጠገብ ያሳርፍልን፤ እኚህን እናት ግን ምን ብለን እንደምናጽናናቸው እሱ ያሳየን።