ቀን ያለፈባቸው ሰባት ፖስታዎች

ጋሽ ሱሩር፣ ወደዚህ መሥሪያ ቤት የመጡ ዕለት ሁለት ሰዓት ሙሉ እንጨት አግዳሚ ላይ ያስቀመጥኩዎት እኔ ነኝ። ዛሬ በጡረታ ስንሸኝዎት ደግሞ ለስላሳ ወንበር ላይ ተቀምጠው እኔን እንዲሰሙ ተፈርዶብዎታል። የትኛው እንደሚብስ ሲያልቅ ይነግሩኛል።

ለማታውቁት፣ ነገሩ እንዲህ ነው። የዛሬ አሥራ አራት ዓመት የሥራ ማስታወቂያ አውጥተን ሰው ፖስታ እየያዘ ይጎርፋል። ጋሽ ሱሩርም ሰው ከታጨቀበት ሚኒባስ፣ ከማታቱ ወርደው፣ ጫማቸው አቧራ ለብሶ፣ ፖስታ ይዘው ገቡ። እኔ ሪሴፕሽን ላይ ንግሥት ነኝ። አዲስ ኃላፊ እንደሚመጣ ሰምቻለሁ፤ ግን ኃላፊ በማታቱ ይመጣል እንዴ? «እዚያ ይቀመጡ፣ አባባ» አልኳቸው። ያኔ ገና አርባ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ «አባባ» ያልኳቸውን እስካሁን ይቅር አላሉኝም።

ሲቆዩ አሳዘኑኝ። ጠጋ ብዬ በሹክሹክታ፣ «ውስጥ ሰው አለዎት?» አልኩ።

«የለኝም» አሉ።

«ታዲያ ምን ያደክምዎታል? ሰው የሌለው እዚህ አይገባም።»

ማስታወሻ ደብተራቸውን አውጥተው ጻፉት! እኔ ምክሬን የወደዱት መስሎኝ ሁለተኛ ምክር ጨመርኩላቸው። ከሰዓት በኋላ ሠራተኛው ተሰብስቦ አለቃችን ወይዘሮ ሠናይት «አዲሱን የቅጥር ኃላፊያችንን ተዋወቁ» ሲሉ ማን ቢነሣ ጥሩ ነው? እኔ የወደቀ እስክሪብቶ ፍለጋ ጠረጴዛ ሥር ገባሁ። የወደቀ እስክሪብቶ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ አመላቸውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የአመልካቹን ስም በወረቀት ሸፍነው ነው የሚያነቡት። ሲቪ በእጅ ሊሰጣቸው የሞከረ ሰው ካለ ሁለቱንም እጃቸውን ኪሳቸው ይከታሉ። ኢስሊ ሰፈር አንድ ሰርግ ላይ የሙሽራውን አጎት ሳይጨብጡ አለፉት፤ ሰውየው ፖስታ ይዞ ነበራ። ለካ ፖስታው ለሙሽሮቹ የመጣ ስጦታ ነው!

ያም አልበቃ ሲል ያቺ የአሜሪካ ታሪካቸው ትመጣለች። ሳቁ፣ ሳቁ! የዘመድ ልጅ ይዞ ቢሯቸው የገባ ሁሉ ሰምቷታል። «የመጀመሪያው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሥልጣን ሲይዝ መንግሥቱ አዲስ፣ ወንበሩ ሁሉ ባዶ ነው። የልመና ደብዳቤ ዘነበበት። አብሮት የተዋጋው ይለምናል፣ ጎረቤቱ ይለምናል። የገዛ ወንድሙ ልጅ እንኳ፣ የሕግ ሰው ነው፣ የመንግሥት ጠበቃ አድርገኝ አለው። ምን ብሎ መለሰ? በሙያው ካንተ የቀደሙና የተከበሩ አሉ፤ የሰውም ዓይን እኔ ላይ ነው አለው።»

እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ከበሩ ውጭ ግማሹን ብቻ ስሰማው ሰውየው የዚህ ቢሮ የድሮ አለቃ መስሎኝ ነበር። ሾፌራችንን አብዱረህማንን፣ «አሁንም ቤቱ እዚያ ሀብታሞቹ ሰፈር፣ ሩንዳ ነው?» ብዬ ጠየቅኩት። እሱም አላውቅም ማለት አይወድም፤ «ሸጦ ሄዷል» አለኝ።

አሁን ግን ሳቁን ትንሽ ያዙልኝ። ከሰኞ ጀምሮ የቅጥር ኮሚቴው ውስጥ የሠራተኛ ተወካይ ሁኚ ተብያለሁ። የምናገረውን ወይዘሮ ሠናይት ያውቃሉ፤ እናንተ አታውቁም። ሳታውቁ እዚያ ወንበር ላይ አልቀመጥም። ሰምታችሁ «አትሆኚም» ካላችሁ እዚሁ ንገሩኝ።

ከስድስት ዓመት በፊት ለግምጃ ቤቱ ሠራተኛ ስንፈልግ፣ የእህቴ ልጅ አሚር ማመልከቻውን ያመጣው ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው። እህቴ ስልክ ላይ ታለቅሳለች። እኔ ምን አደረግኩ? ያንን ቀኑ በጣት የሚዞረውን ማህተም ሁለት ቀን ወደ ኋላ አዞርኩና ፖስታው ላይ መታሁት። ለካ ማጭበርበርም ትምህርት ይፈልጋል፤ መመለሱን ረሳሁት! የዚያን ዕለት የገባ ደብዳቤ በሙሉ ሳይጻፍ ደርሶ ቁጭ አለ።

ጋሽ ሱሩር አንዱን ይዘው መጡ። «ኩለሱም፣ ይህ ደብዳቤ ዛሬ ጠዋት ነው የተጻፈው። እኛ ጋ የደረሰው ከትናንት ወዲያ ነው። እንዴት ሆነ?»

አለቀስኩ፤ የአሚርንም ነገር አፈረጥኩት። አለቀልኝ ብያለሁ፤ ሁለት ልጆቼ የሚማሩት በዚህ ሥራ ነው።

«ቀኑ አልፏል ብለሽ የመለስሻቸው ስንት ናቸው?»

«ስድስት።»

«ወይ ስድስቱም ይግቡ፣ ወይ የእህትሽ ልጅ ይውጣ። ነይ፣ ወይዘሮ ሠናይት ጋ አብረን እንሂድ፤ አንቺው ትነግሪያቸዋለሽ።»

ነገርኳቸው። ማስጠንቀቂያ ተጽፎ ፋይሌ ውስጥ ገባ። ከዚያች ክፍል ውጭ ግን ጋሽ ሱሩር ለማንም ትንፍሽ አላሉም። ቀኑ ለሁሉም ተራዘመ፤ ስድስቱንም በየስልካቸው የጠራሁት እኔ ነኝ። ከእነሱ አንዷ፣ በዝናብ ሁለት ማታቱ ቀይራ መጥታ የመለስኳት ልጅ፣ ሥራውን አገኘች። ሐሴት፣ አንቺ ነሽ። በሩን የዘጋሁብሽ እኔ እንደሆንኩ ታውቂያለሽ፤ ለማን እንደከፈትኩት ግን አታውቂም ነበር። ይቅርታ አድርጊልኝ።

አሚር አራተኛ ወጣ። እህቴ ሁለት ኢድ ቤቴን አልረገጠችም። በንዴት ጋሽ ሱሩር ቢሮ ገብቼ፣ «ለመሆኑ ያ የወንድም ልጅ መጨረሻው ምን ሆነ?» አልኩ።

«ኋላ ሌላ ፕሬዚዳንት የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ አድርጎ ሾመው።»

«አዩ! ችሎታ ነበረዋ! ይህን ሁሉ ዓመት መጨረሻውን ደብቀውናል!»

«ነበረው» አሉኝ። «ያን መናገር ግን የአጎቱ ፈንታ አልነበረም።»

ጋሽ ሱሩር፣ አመሰግናለሁ። ስላልተባረርኩ ብቻ አይደለም። እኔ ከአሥረኛ ክፍል ያልዘለልኩ ሰው ነኝ፤ እዚህም የገባሁት በአክስቴ ባል ነው። ስለዚህ ዓለም ሁሉ እንደዚያ የሚገባ ይመስለኝ ነበር። እርስዎ ከመጡ ወዲህ የተቀጠሩት ልጆች ግን ማንም ፊት አንገታቸውን አይደፉም። እኔ በእነሱ ቀንቻለሁ። ከቅናቴም ተምሬያለሁ።

ሐሴት፣ ምን አልሽ? ጮክ በይ እንጂ፣ ጋሽ ሱሩር ይስሙ። «ትቀመጥ» ነው ያልሽው? እናንተስ? … እሺ። እሺ፣ አላህ ይስጥልኝ። ቆይ፣ ዓይኔን ልጥረግ።

በሉ ብርጭቋችሁን አንሡ፤ የማንጎ ጭማቂም ይነሣል። ሞያሌ የሚጠብቅዎት ቤት ሰላም የሞላበት ይሁን። አላህ ጤናና ረጅም ዕድሜ ይስጥዎ፤ የልጅ ልጆችዎን ድረው ያብሉን። ሰኞ ጠዋት ግን ስልክዎን እንዳያጠፉብኝ። የእህቴ ትንሿ ልጅ ዘንድሮ ተመርቃለች፤ እህቴ እያለቀሰች ስትደውልልኝ፣ እንዴት እምቢ እንደሚባል ልጠይቅዎ እኔም እደውላለሁ።

ለጋሽ ሱሩር!