በእጃቸው የፈተኑት ቅባት

ቅባት እየቀመሙ ስለሚሰጡ ሰፈርተኛው «እማማ ቅባት» የሚላቸው ሴትዮ በሆስፒታሉ የቆዳ ክፍል ኮሪደር አግዳሚ ወንበር ላይ ኩርምት ብለው ተቀምጠዋል። ሴት ልጃቸው ፊቷ ተቃጥሎ፣ ውሃ ቋጥሮ፣ ሐኪሙ ዘንድ ገብታለች። አቧራው ነው፣ ውሃው ነው ሲሉ ሰንብተዋል፤ የቀራቸው አንድ ጥርጣሬ ብቻ ነበር፤ እሱን ግን በአጠገቡም ማለፍ አልፈለጉም።

ያን ጊዜ የእህታቸው ልጅ፣ የሆስፒታሉ ፋርማሲስት፣ ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች ድንገት ብቅ አለች። ሰላምታው እንዳለቀ፣

«አክስቴ፣ ፊቷን ምን ተቀብታ ነበር?» ስትል ጠየቀች።

«ምን ትቀባለች? የእኔኑ ቅባት ነዋ! እሬትና የሎሚ ልጣጭ ዘይት። የፋብሪካ ኬሚካል አላስነካኋትም። ቅጠል ሰው ሲጎዳ ደግሞ የት አይተሻል?»

«ሳማስ ቅጠል አይደለም እንዴ?»

«ተፈጥሮ ነው» የሚለው ነገር ስንቱን አዋቂ እንዳሞኘ ቢቆጠር ጉድ ነው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣» ስትል ቀጠለች ፋርማሲስቷ፣ «የሎሚ ልጣጭ ዘይት ተቀብቶ ፀሐይ የመታው ቆዳ ይቃጠላል። እሷ ደግሞ የመሬት ቀያሽ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ሜዳ ላይ ነው የምትውለው።»

«እኔ እኮ ሳልሞክር ለማንም አልሰጥም! ሠላሳ ዓመት ሙሉ እያንዳንዱን ድስት ቅባት መጀመሪያ በገዛ እጄ ላይ ነው የምፈትነው። አንድ ቀን እንኳ አሳክኮኝ አያውቅም።»

ፋርማሲስቷ እጃቸውን ሳብ አድርጋ ዳበሰችው። እንደ ተረከዝ ደድሯል።

«ይህ እጅ የጋለ ድስት ሲያወርድ የኖረ ነው፤ ምን ይሰማዋል ብለው ነው? ደግሞም ቤት ውስጥ ነው የሚውለው፤ ፀሐይ መች አየ?»

አሮጊቷ እጃቸውን ገልበጥ አድርገው አዩት።

«ታዲያ ሥራዬን ልተው?»

«የልጣጩን ዘይት ይተዉት። አዲስ ቅባት የወሰደ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የክንዱን ውስጠኛ በኩል ጥቂት ቀብቶ ሁለት ቀን ይጠብቅ። ካቃጠለው ታጥቦ ይተወዋል፤ ፊቱ ይተርፋል። ምን እንደገባበትም ብልቃጡ ላይ ይጻፉ። ያኔ የታመመ ቢኖር ሐኪሙ መነሻውን ያውቃል፤ እርስዎም በጭፍን አይሠሩም።»

«እውነትሽን ነው። የሰጠሁትንም ቤት ለቤት ዞሬ እሰበስባለሁ» አሉ።

በሩ ተከፈተ። ልጃቸው ፊቷን በሻርፕ ከልላ ወጣች።

«ምን አለሽ?» አሉ እናት።

«ቁስሉ ቢድንም የሚተወው ጥቁረት ቶሎ አይለቅም አለኝ። ከምን እንደመጣ ግን አልገባውም።»

«ቅባቱን አልነገርሽውም?»

«ምን ተቀባሽ ሲለኝ፣ ምንም አልኩት።» አንገቷን ደፋች። «አንቺን እንዳይናገሩሽ ብዬ ነው፣ እማዬ። ዛሬም ጠዋት ተቀብቼዋለሁ፤ ያሽረኛል ብዬ።»

እናት ግድግዳውን ተደግፈው ተነሡ፤ የሐኪሙንም በር አንኳኩ።

«ዶክተር፣ ልጄ እውነቱን አልነገረችዎትም» አሉ። «ለእኔ ብላ ነው። ያቃጠላት እኔ የሠራሁት ቅባት ነው።»