የሚረግጠው ያጣ ዘፋኝ

ከንፋስ መውጫ ወደ ደብረ ታቦር በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡት መሪጌታ ሾፌሩን ተጣሩ።

«ልጄ፣ ቴፕህ ተበላሽቷል መሰለኝ፤ ይንተባተባል።»

«ቴፑስ ደህና ነው፣ የኔታ። የዚያ የአገራችን ልጅ አዲስ ሮክ ነው።»

«ያ ከጓደኞቹ ጋር ባንድ የነበረው? እኔ እንኳ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ያኔ ደጅ ቆሜ ሰምቼዋለሁ!»

«ባንዱን ትቶ ለብቻው መዝፈን ከጀመረ ወዲህ እንዲህ ሆነ።»

«ምን ነካው?»

«ያኔ ዜማ ሲስት ከበሮ መቺው ከኋላ በእርግጫ ያቀናው ነበር አሉ። አሁን ማን ይርገጠው?»

«እኛስ ዜማ የቀናልን በአርጩሜ አይደል! ያን ከበሮ መቺ ፈልጋችሁ ላኩለት እንጂ።»

ያን ሁሉ ዘመን የረገጥኩበትን ቀኝ እግሬን ቀስ ብዬ ከወንበራቸው ስር ሳብኩት።