የድጎማው ቅጽ

በወረርሽኙ ዓመት፣ ሆቴሎችና ትምህርት ቤቶች በተዘጉ በአራተኛው ወር፣ አንዲት የእንስሳት ሐኪም ከሥራ ስትመለስ አጎቷን ድልድዩ ላይ አገኘቻቸው። የአፍ መሸፈኛቸው አገጫቸው ላይ ወርዷል፤ አንዲት ያረገዘች ጥቁር ላም በገመድ ይጎትታሉ።

ሐኪሟ ሞተር ብስክሌቷን አቁማ፣ "አጎቴ፣ ይቺን ወዴት ነው?" አለች።

"ወደ ሥጋ ቤት።"

"ልትወልድ ሁለት ወር የቀራትን ላም!"

"መኖ አልቋል። ማከፋፈያው የወተቴን ግማሽ እየመለሰ ነው፤ ትናንት ሠላሳ ሊትር ቦይ ውስጥ ደፋሁ። ታዲያ ምን ላድርጋት?"

ሐኪሟ ዓይኗን ጨፍና በረጅሙ ተነፈሰች። መንግሥት ገበያ ለተዘጋባቸው እርሻዎች ድጎማ እንደሚሰጥ ለእኚህ ሰው አምስት ጊዜ ነግራቸዋለች። ቅጹንም ራሷ አምጥታላቸው ነበር፤ የበረቱን መስኮት ቀዳዳ ደፍነውበት አገኘችው። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። እንደ ብዙ የዕድሜ እኩዮቻቸው፣ ከመንግሥት የሚመጣ ወረቀት ሁሉ ወይ ግብር ነው ወይ ልመና የሚል እምነት ሥር ሰዶባቸው ነው።

"ምዝገባው ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ያበቃል። ምነው አጎቴ፣ እባክዎን!"

"ልጄ፣ አርባ ዓመት በላቤ ኖሬ በስተርጅና እጄን አልዘረጋም።"

"ማን ዘርጉ አለዎት? ሆቴሎቹን ዝጉ ያለው መንግሥት ነው። ለሁላችን ጤና ሲል ነው፣ ደግ አደረገ። ግን ጉዳቱን እርስዎ ብቻዎን ይሸከሙት? መንገድ ሊያወጣ ግድግዳዎን ቢያፈርስ ካሳ አይቀበሉም?"

"እቀበላለሁ። ግድግዳ ሌላ ነው።"

"በምን ሌላ ሆነ?"

"ግድግዳ ይታያላ!"

ሐኪሟ የራስ ቁሯን መሬት ላይ ልትፈጠፍጠው ምንም አልቀራት።

"ደግሞስ" አሉ አጎቷ፣ "በዚያ ሰበብ መሬቴን ቢለኩብኝስ?"

"ከተለካ ሃያ ዓመቱ! ቀያሾቹን ምሳ ያበሉት እርስዎ አይደሉም?"

"ቢሆንም ብከስር የምከስረው እኔ ነኝ።"

"የእርስዎ ብቻ ቢሆንማ እኔን ምን አደረቀኝ! የወተት መኪናው ዳገቱን የሚወጣው ለእርስዎ ወተት ብሎ ነው። እርስዎ በረቱን ከዘጉ መኪናው ይቀራል። ያቺ ባሏ የሞተባት ጎረቤትዎ የሁለት ላሞቿን ወተት ተሸክማ ከተማ ትውረድ? ሆቴሎቹ ሲከፈቱስ ምን ይዛችሁ ልትጠብቁ ነው?"

ሽማግሌው ወደ ዳገቱ ዞሩ።

"መኪናው ይቀራል?"

"ሹፌሩ ራሱ ነው የነገረኝ።"

"ታዲያ ይህን እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?"

"የመጀመሪያ ቀን ነገርኩዎት እኮ!"

"እኔ እንጃ። አልሰማሁም።"

ላሟን ድልድዩ አጠገብ ባለው የአናጢው ግቢ አስረው በሞተሩ በረሩ። ጽሕፈት ቤቱ ሊዘጋ አሥር ደቂቃ ሲቀረው ደረሱ፤ አጎቷ ቅጹ ረዘመ እያሉ፣ እያጉረመረሙ ፈረሙ።

ገንዘቡ በስድስተኛው ሳምንት ገባ። መኖ ተገዛ፤ መኪናውም አንድ ቀን እንኳ ሳይቀር ዳገቱን ወጣ። ሆቴሎቹ ሲከፈቱ የዳገቱ ሰዎች ጠብታ ሳይቀር ሸጡ። ላሞቻቸውን ለሥጋ የሰጡት የታችኛው ሰፈር ሰዎች ግን በእጥፍ ዋጋ ላም ፍለጋ ይንከራተቱ ጀመር።

በገበሬዎቹ ስብሰባ ላይ አጎቷ ብድግ አሉ። "ወገኖቼ፣ ድጎማ ምጽዋት አይደለም፤ ለተዘጋ ገበያ ካሳ ነው። በረት አንዴ ከተበተነ በአንድ ዓመት አይሰበሰብም። አንዱ ሲዘጋ ጎረቤቱንም ይዞ ነው የሚዘጋው። ይህን ያህል ቀላል ነገር እንዴት የማይገባው ሰው ይኖራል?"

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ከሐኪሟ አጠገብ የተቀመጠ ገበሬ፣ "አቤት አስተዋይነት! ማን አስረድቷቸው ይሆን?" አላት።

"ከራሳቸው ነው" አለች፣ ጥርሷን ነክሳ።