የበጎ ፈቃዱ ባነር

«እማማ፣ ባነሩን በእርስዎ በኩል ከፍ ያድርጉልን» አለ አስተባባሪያችን፣ ስልኩን ደግኖ። ከዩኒቨርሲቲ ዘንገና ድረስ የሄድነው የእማማ ጥሩዬን ቤት ልናድስ ነው። ጭቃ አቡክተን የመንገድ ዳሩን ግድግዳ መረግን፤ ለፎቶ የሚያምረው እሱ ነዋ።

«አምና የመጡትም ይህንኑ ነው የመረጉት» አሉ እማማ። «እኔን ያስቸገረኝ የጓዳው ጣሪያ ነው፤ መኝታዬ ላይ ያፈሳል።»

«እሱን በሚቀጥለው ዙር እናየዋለን» አላቸው አስተባባሪው።

ዝናቡ ማካፋት ጀመረ። እማማ ባነሩን በጣታቸው አሸት አሸት አደረጉት።

«ይሄ ውሃ ያስገባል?»

«ኧረ ጠብታ አያስገባም» አልኩ በኩራት፤ ያሳተምኩት እኔ ነኝ።

ከእጃችን ተቀብለው አጣጠፉት።

«እማማ፣ ገና የቡድን ፎቶ አልተነሣንም እኮ» አለ አስተባባሪው።

«በሚቀጥለው ዙር ትነሣላችሁ፣ ልጄ» አሉና ገብተው በሩን ዘጉት።